ለበላይ ኃላፊ የሚቀርብ ገለጻ፦ ከአሰላ የሚገኝ ትምህርት

የፕሮጀክት ቡድን መሪ ገንዘብ በሚሰጡትና በሚወስኑት የበላይ ኃላፊዎች ፊት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚገባው በመቶኛ የተሞላ ሰንጠረዥ ነው። ይህን ያህል ኩንታል ዘር ተሰራጨ፣ ይህን ያህል አርሶ አደር ሠለጠነ ይላል። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ርዕስ መጨረሻው ገጽ ላይ ይቀመጥና ሰዓት አልቆ ሳይነበብ ይታለፋል። መሪውን የሚያለማምደው አለቃም በአብዛኛው የሚያርመው ድምፁንና ስላይዱን ነው። እኔ ግን መታረም ያለበት የገለጻው ቅደም ተከተል ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መነገር ያለበት ፕሮጀክቱ በቆመለት ሰው ኑሮ ላይ የመጣው ለውጥ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ችግር እኛው የምንፈታውና እናንተ ብቻ የምትፈቱት ተብሎ መለየት አለበት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በአርሲ አሰላን ማዕከሉ አድርጎ የሠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ካዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቁሞ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛ ገበሬዎች ለማድረስ ተነሣ። በኩንታልና በሄክታር ብቻ ቢለካ የሚያኮራ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ስንዴ አትራፊ ሲሆን ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኞችም ከኖሩበት ተፈናቀሉ። ካዱ ይህን አልደበቀም። የራሱ የጥናት ሰዎች የሚሆነውን መዝግበው በድርጅቱ ስም አሳተሙት። ከእነዚህ አንዱ ሄኖክ ክፍሌ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት የብድሩ ፕሮግራም በገቢ ክፍፍል ላይ ያስከተለውን ውጤት መርምረዋል። ድርጅቱ በእጁ ያለውን አስተካከለ፤ የብድሩን ደንብ እያጠበቀ ትልልቅ ባለርስቶችን ከተጠቃሚነት አስወጣ። ከአቅሙ በላይ የነበረው የጭሰኝነት ሥርዓት ግን የሁለቱ መንግሥታት መነጋገሪያ ሆነ።

«ታዲያ ምን ለወጠ?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። የጭሰኞችንና የባለርስቶችን ግንኙነት ለማስተካከል የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ሳይጸድቅ የንጉሡ መንግሥት ወደቀ፤ ጭሰኝነትን ያስቀረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሪፖርት ብቻውን ማፈናቀሉን አላስቆመም። ሆኖም ችግሩ ተለይቶ ስለቀረበ ውሳኔው የማን እንደነበረ ግልጽ ሆኗል፤ በድርጅቱ ሥልጣን ሥር ያለው ደግሞ ሕጉን ሳይጠብቅ ተስተካክሏል። ችግር መናገር በጀት ያስቆርጣል የሚለው ስጋትም መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የሚቆጡ አለቆች አሉ። የካዱ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። ስዊድን ድጋፏን አላቋረጠችም፤ ድርጅቱ ከአብዮቱ በኋላ አርዱ ተብሎ ሥራው በአርሲ ሲሰፋም አብራ ቀጥላለች።

መሪውን እንዲህ ያለ ገለጻ የሚያስለምድ አለቃ ስላይድ ከማረም ይልቅ በኃላፊው ወንበር ተቀምጦ ይጠይቅ። መሪው «በዴራና በኢተያ ማዳበሪያ ተሰራጭቷል» ቢል፣ «ለማን ደረሰ? ከመዝሪያው በፊት ነው በኋላ? የራሱ መሬት የሌለው ገበሬስ አገኘ?» ይበለው። መሪው የማያውቀው ነገር ሲኖር «አጣርቼ እስከ ሐሙስ አሳውቃለሁ» ማለትን ይለማመድ፤ ግምትን እንደ እውነት ከማቅረብ በእጅጉ ይሻላል። ታላላቆችን አክብሮ መናገር ባህላችን ነው። ቢሆንም አክብሮት የሚገለጸው በአነጋገር እንጂ እውነቱን በማስቀረት አይደለም። ሲጨርስም የሚፈልገውን ውሳኔና ቀኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቅ።

ገለጻ የምትቀበሉ ኃላፊዎችም ድርሻ አላችሁ። መሪው ችግር ሲያነሣ ጥፋተኛ ከመፈለጋችሁ በፊት «ከእኛ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።