ስድሳ አፍ፣ አንድ ጠመኔ፦ ጀማሪው የእንግሊዝኛ መምህር በደቡብ ጎንደር ደጋ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የፋርጣ ደጋ ገና ብርዱ አልለቀቀም። ከደብረ ታቦር ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ዴስክ ተጠጋግተዋል፤ ግማሹ ፎጣውን እንደተከናነበ ነው። ከኮሌጅ ከወጣ ወር ያልሞላው መምህር ሲገባ ሁሉም ብድግ ብሎ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ሲል ቆርቆሮው ያስተጋባል። መምህሩ ከሰላምታው ፈቀቅ ብሎ በእንግሊዝኛ «ትናንት ከትምህርት በኋላ ምን ሠራችሁ?» ሲላቸው ግን ስድሳው ራስ ወደ ዴስኩ ይደፋል።

በመስኮት ያለፈ ሰው ይህን ዝምታ ቢያይ ሥርዓት ያለው ክፍል ነው ይላል። ለቋንቋ ትምህርት ግን ዝምታ ከጫጫታ የከፋ ጠላት ነው። የእንግሊዝኛ ክፍል መምራት ማለት ንግግርን ለስድሳ አፍ ማከፋፈል ማለት ነው፤ የዚህ ዳሰሳ ሐሳብም ይኸው ነው።

ቋንቋው የመጣበት መንገድ

የውጭ ዕውቀትና የደብረ ታቦር ትውውቅ የቆየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው፣ በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አሠርተዋል። እንግሊዝኛ ወደ መማሪያ ክፍል የገባው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዘመን የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ቦታውን የተረከበው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀመሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ተማሪው ገባው አልገባው ብሎ አይጠብቅም ነበርና የክፍሉ መምህር ከዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ።

የዚህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው ተማሪው ላይ ነው። ታችኞቹን ክፍሎች በአብዛኛው በአማርኛ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ታሪኩም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ግን መልሱን ቢያውቀውም አይጠቅመውም። በዚህ ላይ በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ ዞን ጋይንት ድረስ ዘልቋል፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ዓመትና ሁለት ዓመት ያመለጠው ልጅ ካላመለጠው ጎን ተቀምጦ ይገኛል።

ከየኔታ ጉባኤ የምንወርሰው

ብዙ ተማሪ፣ ጥቂት መጽሐፍ፣ የተለያየ ደረጃ፦ ይህ ለደቡብ ጎንደር አዲስ ፈተና አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ፣ ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ የሚመሰከርበት አገር ነው። በፊደል ቤት አንዱ አቡጊዳ፣ ሌላው ዳዊት፣ ሁሉም በየራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ለእንግዳ ጆሮ ጫጫታ ነው፤ የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ልጅ የሳታትን ፊደል ለይተው ያርማሉ። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ሳይነበብለትና ሳያነብ የሚውል ልጅ የለም።

ጀማሪው መምህር ከዚያ ቤት ዱላውን ትቶ ድምፁን ይውረስ። ዱላ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ ስህተትን የፈራ ልጅ በባዕድ ቋንቋ አፉን አይከፍትም።

ክፍሉን መያዝ

የአገሪቱ መመዘኛ በክፍል 50 ተማሪ ለአንደኛ ደረጃ፣ 40 ለሁለተኛ ደረጃ ይላል፤ ቁጥሩ ከዚያ ሲያልፍ መምህሩን የሚያድነው ልማድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ስም ማወቅ ነው። «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» የተባለ ልጅና በስሙ የተጠራ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ቀጥሎ ሦስት ምልክቶች ይለመዱ፦ እጅ ሲነሣ ዝምታ፣ ሁለት ጭብጨባ ሲሰማ ጥንድ ሥራ፣ ሰሌዳው ሲንኳኳ መጻፍ። ከመጮህ ጉሮሮም ይተርፋል፣ ጊዜም ይተርፋል።

ዴስኩ ከባድ ስለሆነ ቡድን ለመሥራት አይጎተት፤ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ዞሮ ቢቀመጥ ቡድን ተሠራ። በትምህርት ቤቶች ለዓመታት የተሠራበት አንድ ለአምስት አደረጃጀትም ጎበዙ ብቻውን የሚሠራበት እንዳይሆን፣ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ሰዓት ጠባቂ ተብሎ ሥራ ይከፋፈል። ትእዛዝ አጭር ይሁን፤ ከመናገር ማሳየት ይቅደም፤ መምህሩ ከአንድ ተማሪ ጋር ፊት ወጥቶ ሠርቶ ያሳይ። አማርኛንም እንደ ነውር አንየው። አንድ ረቂቅ ቃል ለማስረዳት አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ከመድከም በአማርኛ ተናግሮ የቀረውን ጊዜ ለልምምድ ማዋል ይበልጣል።

እጅ ያወጣውን ብቻ መጥራት ሌላው ወጥመድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚናገሩት አምስት ልጆች ይሆናሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴት ልጆችም ድምፃቸው ሳይሰማ ሰኔ ይገባል። ጥያቄው ይቅረብ፣ ሁሉም ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ደቂቃ ይነጋገርበት፣ ከዚያ በስም ይጠራ። መልሱን ከጓደኛዋ ጋር የሞከረችው ልጅ ለመነሣት አትፈራም።

ከአካባቢው የሚወጣ ትምህርት

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ባይዳረስም ሊሠራበት የሚችል ነገር ሞልቷል። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ታጥቦ ሲወጠር ለዓመታት የሚያገለግል ቻርት ይወጣዋል፤ ቆርኪ ላይ ፊደል ተጽፎ ቃል ይገጣጠምበታል።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ በገበያ እንየው። ግማሹ ክፍል ሻጭ ይሁንና የድንች፣ የገብስና የጨው ዋጋ በየወረቀቱ ይያዝ፤ ዋጋው ከሻጭ ሻጭ ይለያይ። ሌላው ግማሽ የሚገዛው ዝርዝርና የተወሰነ ብር ይያዝ። ዋጋውን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ስለሆነ «ሀው ማች?» ማለት ግድ ይሆናል። የገበያ ቀን ከእናቱ ጋር ድንች ሲሸጥ የሚውለው ልጅ፣ በፈተና ሁሌ ከኋላ የሚቀረው፣ እዚህ ላይ ቀዳሚ ሆኖ ይወጣል። አሥር ደቂቃ ለቃላቱ፣ ሃያ ለግብይቱ፣ አሥር «ማን በርካሽ ገዛ?» ለሚለው ሪፖርት ይበቃል።

እንቆቅልሽም አለ፦ «አራት እግር አለኝ፣ ወተት እሰጣለሁ፣ ማን ነኝ?» በእንግሊዝኛ ይጠየቃል፤ ያልመለሰ አገር ይሰጣል፣ የከተማውንም ስም ፊደል በፊደል ይነግራል። ቡሄ ላይ አንዱ አውጥቶ ሌላው የሚቀበልበት ዜማ ለዓረፍተ ነገር ልምምድ ይሆናል። ላለፈ ጊዜ ግስ ከሴባስቶፖል ታሪክ የተሻለ ምን ይገኛል? ሠሩት፣ ጎተቱት፣ መቅደላ አደረሱት፤ ልጆቹ አራት ሥዕል ሥለው በቅደም ተከተል ይተርኩት።

ድምፅ ላይም መምህሩ የአማርኛን ጠባይ ይወቅ። ፊደላችን እንደተጻፈ ስለሚነበብ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያደናግራል። «ስኩል» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ተነባቢዎቹ ሲደራረቡ «እስኩል» ማለት ይቀናናል፤ ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበት ድምፅ ደግሞ «ዝ» ወይም «ስ» ይሆናል። ለመርከብና ለበግ የሚነገሩት የእንግሊዝኛ ቃላት በአናባቢያቸው ብቻ ይለያያሉና፣ መምህሩ አንዱን ሲል ተማሪው ቀኝ፣ ሌላውን ሲል ግራ እጁን ያንሣ። ስድሳው ልጅ በአንድ ጊዜ ይመዘናል፤ ማንም አያፍርም።

ወደዚያ ብርዳማ ክፍል እንመለስ። ጥያቄው አሁንም ያው ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ተማሪዎቹ በጥንድ አንድ ደቂቃ ተነጋግረውበታል። ከኋላ ፎጣዋን ያልገለጠች ልጅ በስሟ ስትጠራ ትነሣና «የስተርደይ አይ ጎ ገበያ» ትላለች። መምህሩ አይቆጣም፤ «ኦ፣ ዩ ዌንት ቱ ማርኬት! ዋት ዲድ ዩ ባይ?» ይላታል። «አይ… ዌንት። አይ ባይ… ሶልት» ትላለች፤ ጨው ማለቷ ነው። አጠገቧ ያለችው ልጅ በቀስታ «ቦት» ትላታለች። እሷም ደግማ አስተካክላ ትናገርና ትቀመጣለች።