ቀንዳሙ የደን ወፍና የቀይ ባሕሩ ማንታ፦ ከጠፉ ለምን በቶሎ አይተኩም?

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ደኖች የሚኖር አንድ ትልቅ ወፍና በቀይ ባሕር የሚቀዝፍ አንድ ግዙፍ ዓሣ በመልክም በመኖሪያም አይገናኙም። ሁለቱንም ለአደጋ የሚያጋልጣቸው ጠባይ ግን አንድ ነው፤ የሚራቡት በዝግታ ነው።

ወፉ ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው፣ በመንቁሩ ላይ ቀንድ መሰል ጉብታ የተሸከመ፣ የእርኩም ዘመድ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ ባሉ ረጃጅም ዛፎች ያሏቸው ደኖች ውስጥ ይኖራል። ዋነኛ ምግቡ እንደ ሾላና ዋርካ ያሉ ዛፎች ፍሬ ነው። የዋጠውን ዘር ርቆ በመጣልም ደን ያለ ችግኝ ጣቢያ እንዲተካ ያግዛል።

አረባቡ ለየት ይላል። ሴቷ በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ትገባና መግቢያውን ወንዱ በሚያመጣላት ጭቃ ትደፍናለች። ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ጥላ፣ ታቅፋ፣ ጫጩቷ ለመብረር እስክትደርስ ከ3 ወር በላይ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ የሚያቀርበው ወንዱ ነው። እርሱ ከተገደለ እናትና ጫጩት ያለ ቀላቢ ይቀራሉ።

ማንታ ደግሞ ሬይ ከሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች ወገን ነው። በኮራል ሪፍ አካባቢ የሚኖረው ዝርያ ከክንፍ እስከ ክንፍ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል። ይህን ያህል ገዝፎም የሚመገበው ከውኃው እያጣራ የሚውጣቸውን ደቂቅ ፍጥረታት ነው። እንቁላሏን ውጭ አትጥልም፤ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። እስከሚቀጥለው ወሊድም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስንጥቡ በእስያ ገበያ ለባህል መድኃኒት ስለሚሸጥ ይታደናል። በሱዳን ጠረፍ የሚገኘው መጠለያው ዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አርሶ አደር ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ዶሮ ብትሞት ሌላዋ በአንድ ጊዜ ብዙ ትፈለፍላለች፤ ላም ከሞተች ግን የምትተካት ጊደር እስክትደርስ ዓመታት ይጠበቃሉ። ወፉም ማንታውም እንደ ላሟ ናቸው።

የማንታው ዕጣ በባሕር ጠረፍ ሀገሮች እጅ ነው። የወፉ ግን በእኛ እጅ ነው። ወፉ ዛፍ መፈልፈል አይችልም፤ ዘመናት ያቦረቦሩትን ግንድ ይሻል። ስለዚህ «ውስጡ ባዶ ነው፤ ለጣውላ አይሆንም» ተብሎ ለከሰል የሚቆረጠው አሮጌ ዛፍ፣ ለዚህ ወፍ ጎጆው ነው። በምትኩ የሚተከል ባሕር ዛፍ ፍልፍሉንም ፍሬውንም አይሰጠውም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ሆነ በእርሻ ዳር ያረጀ ሾላ ወይም ዋርካ ያለው ሰው ዛፉን ባለበት ቢተወው፣ ወፉንም ደኑንም አብሮ ይጠብቃል።