ውሃ የማያስገባ፥ ላብን የሚያስወጣ የቀዛፊዎች ልብስ

በቀዝቃዛ ባሕርና በፈጣን ወንዝ ላይ ካያክ በሚባለው ጠባብ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ሁለት ውሃ ይፈታተነዋል፤ አንደኛው ከውጭ የሚረጨው ማዕበል፥ ሁለተኛው ከገዛ ሰውነቱ የሚመነጨው ላብ ነው። ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 ዓ.ም. በስሙ ያስመዘገበው ባለጎማ ጨርቅ የፊተኛውን መለሰ እንጂ የኋለኛውን አልቻለውም። የላስቲክ ካፖርት ለብሶ ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ሸሚዙን በላብ ርሶ እንደሚያገኘው ያውቃል።

መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጎር፥ ምግብ እንዳይጣበቅ በመጥበሻ ላይ የሚለበጠውን ቴፍሎን አሙቆ ቀስ እያለ ቢስበው እየተበጠሰ አስቸገረው፤ በመጨረሻ ተናዶ በድንገት ቢጎትተው ግን ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ተሳበና ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ሆነ። ጎርቴክስ የተባለው ስስ ገለፈት ከዚህ ተወለደ። ኩባንያው እንደሚገልጸው በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ከ9 ቢሊዮን በላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዱም ከውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያህል ያንሳል፥ ከውሃ ተን ቅንጣት ግን 700 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ጠብታው አይገባም፥ ተኑ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ሻጭ «ይተነፍሳል» የሚለውን ቃል ማጋነን አይገባውም። ተኑን ወደ ውጭ የሚገፋው፥ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይልቅ ሞቃትና እርጥብ መሆኑ ነው። የውጭውም አየር ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ላቡ መሄጃ ያጣል፤ ውሃ ውስጥ በተነከረው የልብሱ ክፍል በኩልማ መውጫ የለውም።

ባለሱቁን ከደንበኛ ጋር የሚያጣላው ግን ሌላ ነገር ነው። የልብሱ ውጫዊ ጨርቅ ውሃን እንዲያንከባልል በኬሚካል ይነከራል። ይህ ቅብ በጨው፥ በቅባትና በመታሸት ሲለቅ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፤ ገለፈቱ ባይበሳም ተኑ መውጫ አጥቶ በውስጥ በኩል ይንጠባጠባል። ገዢውም «አፈሰሰብኝ» ብሎ ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ከባሕር በተመለሱ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፥ ቅቡንም በጊዜው ማደስ ነው። በአንገትና በእጅ አንጓ ላይ ያለው ስስ ጎማም በፀሐይና በዘይት ስለሚበላሽ በጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ደግሞም ይህ ልብስ ውሃን ይከለክላል እንጂ በራሱ አያሞቅም፤ ከሥሩ ሱፍ ወይም ሱፍ መሰል ሹራብ ያስፈልጋል። ጥጥ ግን እርጥበት ይዞ ያቀዘቅዛል። ይህን ሳይነግሩ በብርድ ውሃ ለሚቀዝፍ ሰው መሸጥ በሕይወቱ መቀለድ ነው።

አስመጪና ላኪ ደግሞ ሕጉን ይመልከት። ቴፍሎንና ብዙዎቹ የቀድሞ ቅቦች ፒፋስ ከሚባሉት፥ በተፈጥሮ ቶሎ ከማይፈርሱት የፍሎሪን ኬሚካሎች ወገን ናቸው። የካሊፎርኒያ ግዛት ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረበት አዲስ ልብስ እንዳይሸጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሏል። በፈጣን ወንዝ ለሚቀዝፉ ባለሙያዎች የሚሠራውን ዐይነት ልብስ ግን፥ ፒፋስ እንዳለበት በግልጽ ከተጻፈበት፥ እስከ 2028 ድረስ ታግሦታል። ከጎር ኩባንያም ጭምር ከፍሎሪን ነጻ የሆኑ ገለፈቶች ገበያ ላይ ውለዋል። እንግዲህ ትእዛዝ ከመፈረም በፊት ገለፈቱና ቅቡ ከምን እንደተሠሩ የሚገልጽ ወረቀት ከፋብሪካው መጠየቅ ያስፈልጋል።