የሚስማማንን ምግብ ለይቶ ስለ ማወቅ



ከምሳ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ከጠረጴዛው እንደ ተቀመጠ ሆዱ የሚነፋበት፣ ራሱ የሚከብደው ወይም ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው ጓደኞቹን ቢያማክር፣ አንዱ «ሽሮው ነው»፣ ሌላው «ወተቱ ነው»፣ ሦስተኛው «በርበሬው ነው» ይለዋል። እርሱም የሁሉንም ምክር ተቀብሎ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ሲተው ይኖራል። ዓመት ካለፈ በኋላ የሚበላው ነገር ያንሳል እንጂ ሕመሙ ከምን እንደ መጣ አያውቅም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የተጠረጠረውን ምግብ ለጊዜው አስወግዶ፣ ያልተቀላቀለና እሳት ብዙ ያልነካው ምግብ እየበሉ ጥፋተኛውን የመለየትን ዘዴ ከነጥቅሙና ከነአደጋው እናስረዳለን።

ይህ አሳብ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። ማክስ ቢርኸር-ቤነር የተባለው የስዊስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 በዙሪክ ከተማ የሕክምና ቤት ከፍቶ ለሕሙማኑ ፍራፍሬና አትክልት ሳይበስል ይሰጣቸው ነበር። የተፋቀ ፖም ከራሰ አጃና ከሎሚ ጭማቂ ጋር አቀላቅሎ ያዘጋጀው ምግብ ዛሬም ሙስሊ እየተባለ በብዙ አገር ይበላል። ሐኪሙ ጥሬ ምግብ የፀሐይን ኃይል እንደያዘ ይቆያል ሲል ያስተማረውን ሳይንስ አልተቀበለለትም፤ ፍራፍሬና አትክልት ለጤና ይጠቅማል ማለቱ ግን ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ ወገን ደግሞ በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ከተማ ሐኪም የነበረው አልበርት ሮው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ምግብ አለርጂ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕመምተኛው ሰውን እምብዛም በማያውኩ ጥቂት ምግቦች ከቆየ በኋላ የቀሩትን አንድ በአንድ እየጨመረ እንዲፈትን አስተምሯል።

የዚህን ፈተና ጥቅም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው በኔዘርላንድ የሆነው ነገር ነው። በሄግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ቪለም ካረል ዲከ፣ ሆዳቸው እያበጠና እያስቀመጣቸው የሚከሱትን፣ ሲሊያክ በሚባል በሽታ የተያዙትን ሕፃናት ሲያክም፣ ምክንያቱ ዳቦ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጠርጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በአገሩ ምዕራባዊ ክፍል ጽኑ ረኃብ ሆነ፤ ዳቦም ጠፋ። ሌላው ሕዝብ በረኃብ ሲጎዳ እነዚህ ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ። ዲከ ከዚህ በኋላ ስንዴን በሥርዓት እያስቀረና እየመለሰ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1950 በኡትሬኽት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ አስረዳ። ጥፋቱ በስንዴና ስንዴን በመሰሉ እህሎች ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ነገር መሆኑም ቀጥሎ ታወቀ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ዲከን ያስተማረው ሕፃናቱ ስንዴ ሲቀርባቸው መዳናቸው ብቻ አይደለም፤ ስንዴ ሲመለስ መታመማቸውም ጭምር ነው። ሰው አንድ ምግብ ትቶ ቢሻለው፣ በዚያው ሳምንት ዕረፍት አግኝቶ ወይም አሳቡ ቀልሎለት ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱ የሚጸናው ምግቡ ተመልሶ ሕመሙም አብሮ ሲመለስ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አስቀድመው አንድ ሳምንት ምንም ሳይለውጡ የበሉትን፣ የበሉበትን ሰዓትና የተሰማዎትን በደብተር ይመዝግቡ። ከመዝገቡ የሚያስጠረጥረውን አንድ ወይም ሁለት ምግብ መርጠው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ፈጽመው ያስቀሩ። ካልተሻለዎት ክሱ ፈርሷልና ምግቡን ወደ ቦታው ይመልሱት። ከተሻለዎት ግን በመጀመሪያው ቀን ከትንሽ ጀምረው አንዱን ብቻ ይመልሱና ሦስት ቀን ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። ሁሉን በአንድ ቀን የሚመልስ ሰው የድካሙን ፍሬ ያጣል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሁዳዴን የሚጾም ሰው ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና ዕንቁላልን 55 ቀን ትቶ ይቆያል። ሆዱ ዓመቱን ሙሉ ሲያስቸግረው ኖሮ በጾሙ ወራት ቢያርፍለት፣ ሳያስበው የፈተናውን ግማሽ ፈጽሟል ማለት ነው። ነገር ግን በፋሲካ ማለዳ ዶሮው፣ ቅቤው፣ አይቡና ወተቱ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ፤ ሕመሙ ቢመለስም አጥፊው ከብዙዎቹ መካከል ይሰወራል። ወተትን ከሌላው ለይቶ በሌላ ቀን የሚጀምር ሰው ግን ለብዙ ጊዜ ያላገኘውን መልስ በአንድ ሳምንት ሊያገኝ ይችላል።

በፈተናው ወራት ምግቡ ቀላልና ያልተቀላቀለ እንዲሆን የሚፈለገው ስለዚህ ነው። በአንድ ሽሮ ውስጥ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ልዩ ልዩ ቅመም ሊኖር ይችላል፤ እንጀራውም ከጤፍ ጋር ገብስ ወይም ስንዴ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ሙዝ ግን ሙዝ ነው፤ ቅቅል ድንችም ድንች ነው። ጤፍ ብቻ የሆነ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና አቮካዶ ለመቁጠር የሚመቹ ናቸው። በሶና የገብስ ቆሎ ለቢሮ ሰው ይቀላሉ፤ ነገር ግን ገብስ በግሉተን የስንዴ ዘመድ ስለሆነ ስንዴን የሚፈትን ሰው እነርሱንም ይተዋል።

ሆኖም «ያልበሰለ ሁሉ ጤና ነው» የሚለውን አባባል አይቀበሉ። በቆሻሻ ውኃ የበቀለ ሰላጣ የትል ዕንቁላል ይዞ ወደ ገበታ ሊመጣ ይችላል። ሎሚና ኮምጣጤ ጣዕም ይሰጡታል እንጂ ይህን አያጠፉም፤ ስለዚህ በገዛ እጅ የሚላጥ ፍሬ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ኮሶን፣ ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ያመጣል። ቦሎቄ ካልተዘፈዘፈና በደንብ ካልፈላ መርዝ አለው። ጓያማ ዘወትር ቢበሉት እግርን ሽባ የሚያደርግ ነገር ስላለበት፣ መቀቀሉም ፈጽሞ ስለማያነጻው፣ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ደግሞም ጥሬ ፖም ሲበላ አፉን የሚያሳክከው፣ ሲበስል ግን የሚስማማው ሰው አለ። ስለዚህ የምግቡን ዓይነትና አበሳሰሉን በአንድ ጊዜ መለወጥ አይገባም።

በመጨረሻም ሦስት ማስጠንቀቂያ አለን። ስንዴን የሚጠረጥር ሰው ከመተዉ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ ስንዴውን ከተወ በኋላ የሚደረገው ምርመራ በሽታው ሳለ የለም ሊል ይችላልና። ምግብ በልቶ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያንን ምግብ በቤቱ ከቶ አይፈትን፤ ይህ የሆስፒታል ሥራ ነው። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱና ሳይፈልጉ የሚከሱ ሰዎችም ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩት።

ሥጋን፣ ወተትንና ዕንቁላልን ጨርሶ ለዓመታት የሚተው ሰው ቫይታሚን ቢ 12 ሊያንሰውና ነርቮቹ ሊጎዱበት ይችላሉ። ከእንዲህ ያለው ጉዳት የሚጠብቀን ፈተናውን በጊዜው መፈጸም ነው። ይህ ዘዴ መጀመሪያ እንዳለው ሁሉ ፍጻሜም አለው፤ ሥራው በደንብ የተሠራ እንደሆነ የሚቀረው ክልክል ምግብ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይሆናል። የቀረውን ግን ያለ ፍርሃት፣ ከቤተሰብዎ ጋር በአንድ ገበታ ይበሉታል።