ማሳም ዋና ገንዘብ አለው

ነጋዴ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ለይቶ ያውቃል። አንደኛው ዋናው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ትርፉ ነው። ትርፉን ቢበላ ሱቁ አይዘጋም፤ ዋናውን የበላ እንደ ሆነ ግን ዕቃ የሚያመጣበት ስለሚያጣ ዛሬ ባይዘጋ ነገ ይዘጋል። በአዲስ አበባ ከተማ፥ በመርካቶ ገበያ፥ ይህን የማያውቅ ባለ ሱቅ አይገኝም። ገበሬም እንደዚሁ ዋና ገንዘብ አለው፤ ይኸውም የማሳው አፈር ነው። ነገር ግን የአፈር መጕደል እንደ ብር ተቈጥሮ ስለማይታወቅ፥ ብዙ አራሽ ዋናውን እየበላ ትርፉን የበላ ይመስለዋል።

መርካቶ የተቋቋመው በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር፤ ጣሊያኖች ግን የአገሬውን ሰው ገበያ ከዚያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ፤ መርካቶ የሚለውም ቃል በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። በዚሁ ገበያ፥ እህል በረንዳ በሚባለው ስፍራ፥ የጎጃምና የሸዋ ጤፍ በኩንታል እየተጫነ ሲራገፍ ብዙ ዘመን ኖሯል።

ከኩንታሉም ጋራ ሌላ የማይታይ ነገር አብሮ ይጓዛል። ተክል በአየርና በውሃ ብቻ አይኖርም፤ ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ፖታሲየም የተባሉትን ምግቦች ከአፈር ይስባል። በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን አለ። አንድ ሄክታር መሬት 15 ኩንታል ቢሰጥና ሁሉም ወደ ገበያ ቢወርድ፥ ከማሳው 22 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ወጣ ማለት ነው። ይህም 50 ኪሎ በሚመዝን አንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋራ ይቀራረባል። ገበሬው የጤፉን ዋጋ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማሳው ግን ምንም አልተቀበለም።

ጭዱን በሬ ይበላዋል፤ የበሬውም ፍግ ወደ ማሳው ቢመለስ ከዕዳው ብዙው በተከፈለ ነበር። ነገር ግን እንጨት በጠፋበት አገር አዛባው ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋራ ይጠፋል፤ በአመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፎረስና ፖታሲየም ናቸው። አመዱም በደጅ የተደፋ እንደ ሆነ እነርሱም ይባክናሉ። ስለዚህ በቤት አጠገብ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የተከለ ሰው ማሳውን ጭምር መገበ።

ይህን ነገር የሌላ አገር ሊቃውንትም አስተውለውታል። ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1840 ስለ እርሻ ኬሚስትሪ መጽሐፍ አሳተመ። ከማሳ ወደ ከተማ የሄደው ምግብ ተመልሶ ካልመጣ መሬት እንደሚደኸይ በጽሑፎቹ አጥብቆ አስተምሯል።

ወደ ከተማ የሄደው ወዴት እንደሚደርስ መመርመር ይገባል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራ አሮጌ ብረት፥ ቆርቆሮና ጎማ እንደ ገና ተሠርቶ ዕቃ ይሆናል። የጎመን ቅጠል፥ የድንች ልጣጭና የሙዝ ልጣጭ ግን የሚገዛቸው የለም። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ሲሆን፥ ለሃምሳ ዓመት ያህል ቆሼ በሚባለው በረጲ ስፍራ ሲከመር ኖረ። ክምሩም ተራራ ሆነ። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ማሳን ሊያጠግብ ይችል የነበረው ነገር ያለ ቦታው ስለ ተከመረ ሰውን ገደለ።

መድኃኒቱ ብስባሽ ማዘጋጀት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በጥላ ሥር ስፍራ ይመረጣል፤ በበጋ ጉድጓድ ይቈፈራል፥ በክረምት ግን ውሃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ይከመራል። ከታች አየር የሚያስገባ አገዳ ይነጠፋል። በላዩ ደረቅ ገለባ፥ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፥ ቀጥሎ ፍግና ጥቂት አመድ፥ ከዚያም ስስ አፈር ይደረግና ውሃ ይርከፈከፍበታል። እንደዚሁ እየተደራረበ ወገብ ያህል ሲደርስ በአፈርና በሣር ይሸፈናል። በመካከሉ በትር ይተከላል፤ በትሩ ሲነቀል ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው ደኅና ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውሃ ይጨመር፤ ቢከረፋ ውሃ በዝቶ አየር አጥቷልና ይገለበጥ። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጥቁር፥ ፍርፍር የሚልና የጫካ አፈር ሽታ ያለው ይሆናል። ወደ ማሳው በተወሰደ ጊዜ ፀሐይ ሳያደርቀው ወዲያው ከአፈር ጋራ ይታረሳል። ፌስታል፥ ጠርሙስና ባትሪ ግን ፈጽሞ ሊገቡበት አይገባም፤ አፈሩን ያበላሻሉና።

ይህ የቃል ምክር ብቻ አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋራ ሠርተውበታል። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጅግ አብልጦ ሰጥቷል፤ በብዙ ስፍራም ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋራ ተስተካክሏል። ከዚህም ጋራ ጤፍ በተዘራበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ ማፈራረቅ ይገባል፤ በሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት ናይትሮጅንን ከአየር ይስባሉና። በተዳፋትም ላይ እርከን መሥራት ያስፈልጋል፤ ጎርፍ የወሰደውን አፈር ብስባሽ አይመልሰውምና።

የመንደር ተማሪ ቤት ሁሉ በግቢው አንድ የብስባሽ ጉድጓድ ቢኖረው፥ ተማሪዎች የቈፈሩትንና ያዩትን ለወላጆቻቸው ይነግራሉ። አንዱን መደብ ብስባሽ አልብሰው ሌላውን ባዶውን ትተው ጎመን ቢዘሩባቸው፥ ልዩነቱን ራሱ ጎመኑ ያስረዳል። ገበሬ እህሉን ወደ መርካቶ መላኩ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ከተማም ያለ እርሱ አይኖርም። ነገር ግን በሸጠ ቍጥር ማሳው ከእርሱ የሚጠብቀው ድርሻ እንዳለ ያስብ፤ ዋናውን የጠበቀ ነጋዴ ለልጁ ሱቅ እንደሚያወርስ፥ አፈሩን የጠበቀ ገበሬም ለልጁ ማሳ ያወርሳል።