የቤት ዕቃ የጉምሩክ ሥርዓት በመኖሪያ ዝውውር ጊዜ

የቤት ዕቃ የጉምሩክ ሥርዓት ማለት አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ጠቅልሎ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ይገለገልባቸው የነበሩትን ዕቃዎች ለማስገባት የሚያቀርባቸው ሰነዶችና የሚከተላቸው ደንቦች ናቸው። በብዙ አገሮች ያገለገለ የቤት ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ይሁን እንጂ ነፃነቱ የሚገኘው በዕቃው ዓይነት ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት አልጋ ለአንዱ ባለቤት በነፃ ሲያልፍ ሌላው ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ባለቤቱ በሰነድ ማስረዳት ከሚችለው ነገር ነው፤ ይኸውም መኖሪያውን በእርግጥ መለወጡ፣ ዕቃውን ለተወሰነ ጊዜ ሲጠቀምበት መቆየቱና ወደፊትም ለራሱ የሚገለገልበት መሆኑ ነው።

የነፃነቱ መነሻ

ቀረጥ የሚጣለው በመሠረቱ ለንግድ ወይም ለፍጆታ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚዛወር ያገለገለ ዕቃ ግን አዲስ ግዢ ስላልሆነ፣ አገሮች እንደ ንግድ ዕቃ ሳይሆን እንደ ባለቤቱ ጓዝ ይቆጥሩታል። ይህ አሠራር በዓለም አቀፍ ደረጃም ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 በኪዮቶ ከተማ የተፈረመው፣ በ1999 ተሻሽሎ ከየካቲት 2006 ጀምሮ የጸናው የጉምሩክ ሥርዓቶችን የማቅለልና የማጣጣም ስምምነት፣ መኖሪያውን የሚያዛውር ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ የሚያመጣው ዕቃ ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲሆን ይመክራል። ለኢንዱስትሪ፣ ለንግድና ለእርሻ ሥራ የሚውሉ ዕቃዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ዝርዝሩን፣ በተለይም የጊዜ ገደቡን፣ የሚወስነው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው።

የአንዳንድ አገሮች ደንብ

በአሜሪካ፦ ከባለቤቱ ተነጥሎ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የሚመጣ የቤት ዕቃ በነፃ እንዲገባ የሚጠየቀው በጉምሩክ ቅጽ ቁጥር 3299 ነው። የቤት ዕቃ የሚባሉት የቤት ዕንጨት ዕቃዎች፣ ምንጣፍ፣ ሥዕል፣ ሳህንና ብርጭቆ፣ አንሶላና መጋረጃ፣ መጻሕፍትና የመሳሰሉት ናቸው። ዕቃው ባለቤቱ በኖረበት ቤት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። ዓመቱ ግን ሳይቋረጥ የተቆጠረ ወይም ከመዛወሩ በፊት ያለው የመጨረሻው ዓመት እንዲሆን አይገደድም። በተጨማሪም ዕቃው ለሌላ ሰው ለመስጠት ወይም ለመሸጥ የታሰበ መሆን የለበትም።

በአውሮፓ ኅብረት፦ ጉዳዩ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ደንብ ቁጥር 1186 ነው። ተዛዋሪው ቢያንስ ለተከታታይ 12 ወራት ከኅብረቱ የጉምሩክ ክልል ውጭ የኖረ፣ ዕቃውንም ከመዛወሩ በፊት በቀድሞ መኖሪያው ቢያንስ ለ6 ወራት የተጠቀመበት መሆን አለበት። ዕቃው አዲሱ ነዋሪነት ከተመሠረተ በኋላ በ12 ወራት ውስጥ ተጠቃልሎ መግባት አለበት፤ በአንድ ጊዜ ካልተቻለ በተለያየ ጭነት ማስገባት ይፈቀዳል። ከገባ በኋላም ለ12 ወራት ለጉምሩክ ሳያሳውቁ ማከራየት፣ ማዋስ፣ መሸጥ ወይም በስጦታ መስጠት አይቻልም። ይህ የተጣሰ እንደሆነ ነፃ የተደረገው ቀረጥ ይከፈላል።

በብሪታንያ፦ መመዘኛው ለአውሮፓ ኅብረት ቅርብ ነው፤ በውጭ 12 ወራት መኖርንና ዕቃውን ለ6 ወራት መጠቀምን ይጠይቃል። ልዩነቱ ፈቃዱ አስቀድሞ በማመልከቻ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ማመልከቻው ሲጸድቅ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ዕቃው ወደብ ሲደርስ የጉምሩክ አስተላላፊው ዲክላራሲዮኑን የሚሞላው በዚያ ቁጥር ነው።

በካናዳ፦ ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያው መግቢያ ቀን ነው። አዲስ ነዋሪ ሆኖ የሚገባ ሰው ሁለት ዝርዝሮችን ያቀርባል፤ አንዱ አብሮት የመጣውን፣ ሌላው ኋላ የሚደርሰውን ዕቃ የሚመለከት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሻንጣ ብቻ ይዞ የገባ ሰውም ሁለተኛውን ዝርዝር እንዲያስመዘግብ ይጠበቅበታል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያልተገኘ ዕቃ ከወራት በኋላ በኮንቴይነር ሲደርስ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል።

የሚቀርቡ ሰነዶች

የሰነዶቹ ስም ከአገር አገር ቢለያይም በአብዛኛው የሚጠየቁት የሚከተሉት ናቸው፦

• የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የቪዛ ቅጂ፤
• በቀድሞው አገር መኖርን የሚያስረዳ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የውሃ ክፍያ ደረሰኝ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፤
• በአዲሱ አገር መኖርን የሚያስረዳ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሥራ ውል ወይም የኪራይ ውል፤
• በባለቤቱ የተፈረመ የዕቃ ዝርዝር፤
• በመርከብ ለተጫነ ዕቃ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ በአውሮፕላን ለተጫነ ደግሞ ኤርዌይ ቢል፤
• በአገሩ ሕግ የተመደበው የነፃ መግቢያ ቅጽ፤
• ጉዳዩን ሌላ ሰው የሚያስፈጽም ከሆነ ውክልና።

እነዚህ ሰነዶች የሚመረመሩት አንድ በአንድ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ እየተመሳከሩ ነው። በቢል ኦፍ ሌዲንግ ላይ 42 ካርቶን ተጽፎ በዝርዝሩ ላይ 39 ከተገኘ፣ ሦስቱ ካርቶኖች ምን እንደያዙ ጥያቄ ይነሣል፤ ጭነቱም ለፍተሻ ሊቆይ ይችላል። አስተላላፊ ድርጅት ቢቀጠርም ለቃሉ እውነትነት ተጠያቂው የሚፈርመው ባለቤት ነው።

የዕቃ ዝርዝር አዘገጃጀት

ጥሩ ዝርዝር የሚጀመረው ዕቃው በሚታሸግበት ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ይሰጠዋል፤ በቁጥሩ አንጻር የያዘው ዕቃ፣ ብዛቱ፣ ያገለገለበት ጊዜና ግምታዊ ዋጋው ይጻፋል። «ልዩ ልዩ ዕቃ» ወይም «የወጥ ቤት ዕቃ» ብሎ ማለፍ ብዙ ጊዜ ለፍተሻ ምክንያት ይሆናል። «ካርቶን 7፦ 12 ሳህን፣ 6 ብርጭቆ፣ 2 ድስት፣ 1 ጀበና፣ ሁሉም ያገለገለ» የሚለው አጻጻፍ ግን መርማሪው ሳይከፍት ሊገምተው የሚችል ነው። ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተርና የመሳሰሉት በመለያ ቁጥራቸው ይመዘገባሉ። ለጉዞው ሲባል በቅርቡ የተገዙ ዕቃዎች ካሉ ካገለገሉት ጋር ሳይደባለቁ ለብቻ ይዘረዘራሉ፤ ደረሰኛቸውም ይያያዛል። አዲሱን ዕቃ እንዳገለገለ አድርጎ መጻፍ የሐሰት ቃል ስለሆነ ከቀረጡ በላይ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

የስምና የቀን ልዩነት

ከኢትዮጵያ የሚነሡ ሰነዶች በሌላ አገር ጉምሩክ ዘንድ ሁለት የተለመዱ እንቅፋቶች ይገጥሟቸዋል።

የመጀመሪያው ስም ነው። ኢትዮጵያዊ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። በውጭ ቅጾች ላይ የቤተሰብ ስም በሚጠየቅበት ቦታ አንዱ ሰነድ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ሊይዝ ይችላል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አጻጻፉ ከሰነድ ሰነድ ይለያያል። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስላላቸውም በአንድ ጭነት የመጣ ዕቃ የሁለት የማይዛመዱ ሰዎች መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሰነዶች በፓስፖርቱ አጻጻፍ መሠረት ይዘጋጃሉ፤ የተተረጎመ የጋብቻ የምስክር ወረቀትም ይያያዛል።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። በመስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመ የኪራይ ውል እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2022 የተፈረመ ነው። ቀኑ ሳይቀየር ከተተረጎመ ውሉ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከፓስፖርቱ ማኅተሞችና ከደረሰኞቹም ጋር ይጋጫል። ነዋሪነትና የአገልግሎት ጊዜ በወራት በሚቆጠርበት ሥርዓት ይህ ስሕተት ማስረጃውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። በትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ቢሰፍሩ አለመግባባቱ ይቀራል።

ከነፃነቱ ውጭ የሆኑ ወይም ፈቃድ የሚፈልጉ ዕቃዎች

የአደራ ዕቃ፦ ተጓዥ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ዕቃ ማድረሱ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የቆየ ወግ ነው። በጉምሩክ ረገድ ግን የአደራ ዕቃ የተዛዋሪው ንብረት ስላልሆነ በነፃነቱ ውስጥ አይካተትም። የአሜሪካው ቅጽ ዕቃው ለሌላ ሰው የታሰበ አለመሆኑን በፊርማ ያስረግጣል፤ የአውሮፓው ደንብም ተዛዋሪው ራሱ የተጠቀመበት እንዲሆን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ በጭነቱ ውስጥ ካለ ለብቻው ተዘርዝሮ እንደ ስጦታ ወይም እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ይታወቃል።

ተሽከርካሪ፦ በአሜሪካ መኪና እንደ ቤት ዕቃ አይቆጠርም፤ የአካባቢ ጥበቃና የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው ቅጾች አሏቸው። በአውሮፓ ኅብረት የግል መኪና በነፃነቱ ሊካተት ሲችል፣ ለንግድ የሚውል ተሽከርካሪ ግን አይካተትም።

አልኮልና ትምባሆ፦ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከነፃነቱ በግልጽ ወጥተዋል።

ምግብ፦  ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም፤ ስለዚህ ቋንጣና ቅቤ በካርቶን ውስጥ ከተገኙ ይወረሳሉ።

ቅርስ፦ በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀልና ሥዕል ከቤተሰብ የተወረሱ ቢሆኑም በዚሁ ይታያሉ። ቅርስ ያልሆነ ነገር ግን የሚመስል የስጦታ ዕቃም በቅርስ ባለሙያ ታይቶ ማረጋገጫ ቢያዝለት መውጫው ላይ ከመያዝ ይድናል።

የዱር እንስሳት ውጤቶች፦ የዝሆን ጥርስ፣ የነብርና የጉሬዛ ቆዳ እ.ኤ.አ. በ1975 በጸናው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። በግድግዳ ላይ ለዓመታት የተሰቀለ ቆዳም ቢሆን ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም።

የእንጨት ማሸጊያ፦ ከጥሬ እንጨት የተሠራ ሣጥን ተባይ እንዳያስተላልፍ በዓለም አቀፍ ደንብ ይታከማል። የተለመደው ሕክምና የእንጨቱን መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ነው። የታከመ እንጨት በተፈቀደለት ድርጅት ማኅተም ይደረግበታል። ማኅተም የሌለው ሣጥን በውስጡ ያለው ዕቃ ሕጋዊ ቢሆንም ሊመለስ ወይም ሊጠፋ ይችላል።

መዘግየትና የሚያስከትለው ወጪ

ሰነድ ባለመሟላቱ የሚመጣው ጉዳት በአብዛኛው ከቀረጡ ይልቅ በጊዜው ይበልጣል። ዕቃው ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፤ ኮንቴይነሩ በወቅቱ ባዶ ሆኖ ካልተመለሰም የመርከብ ድርጅቱ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። በአሜሪካ በ15 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ሥርዓቱ ያልተፈጸመለት ጭነት በባለቤቱ ወጪ ወደ መጋዘን ይዛወራል፤ እስከ 6 ወር ካልተነሣ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ በጨረታ ሊሸጥ ይችላል። እንዲሁም ወደ አሜሪካ በመርከብ የሚላክ ጭነት፣ የቤት ዕቃም ቢሆን፣ መርከቡ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት የደኅንነት መረጃው ለጉምሩክ እንዲተላለፍ ግዴታ ነው። ይህን አለመፈጸም እስከ 5,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል።

በዚህም ምክንያት ሰነዶቹን ከዕቃው ጋር በካርቶን ማሸግ ትልቅ ስሕተት ነው። ካርቶኑን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ወረቀት በካርቶኑ ውስጥ ከተቆለፈ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ዋናዎቹ ሰነዶች በእጅ ሻንጣ ይያዛሉ፤ ቅጂዎቻቸውም ለአስተላላፊው አስቀድመው ይላካሉ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲዛወሩ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከውጭ የሚላክ የቤት ዕቃ በብዛት የሚራገፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። ጭነቱ በመልቲሞዳል ከተላከ በአንድ ቢል ኦፍ ሌዲንግ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ፣ በተለይም እስከ ሞጆ፣ ይደርሳል። በዩኒሞዳል ከተላከ ግን ሰነዱ ጅቡቲ ላይ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የትራንዚትና የማጓጓዝ ሥራ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ያስፈጽማል። በመሆኑም በቢል ኦፍ ሌዲንግ ላይ የመጨረሻ መድረሻ ሆኖ የሚጻፈው ቦታ የባለቤቱን ሥራና ወጪ ይወስናል።

የጉምሩክ ሥርዓቱ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የሚመራ ሲሆን፣ የሚያስፈጽመው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ከዕቃው በኋላ የሚደርስ ከሆነ ጉዳዩን በአገር ቤት ላለ ዘመድ ወይም ለጉምሩክ አስተላላፊ በውክልና ይሰጣል። በውጭ አገር የተሰጠ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ አገር ቤት ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ውክልናው ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ይጀመራል።