ትከሻ ለምን በቀላሉ ይወልቃል? የመገጣጠሚያ ዓይነቶችና ጠባያቸው

የአዋቂ ሰው አጽም በአብዛኛው 206 አጥንቶች አሉት። አጥንት ራሱ አይታጠፍም፤ ሰው እንዲቀመጥ፣ እንዲራመድና እንዲጎርስ የሚያስችሉት አጥንቶች የሚገናኙባቸው መገጣጠሚያዎች ናቸው። የአናቶሚ ባለሙያዎች መገጣጠሚያዎችን በሚያሳዩት እንቅስቃሴ መጠን በሦስት ይከፍሏቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ የማይንቀሳቀሱት ናቸው። የራስ ቅል አጥንቶች ስፌት በሚመስል መስመር ተያይዘው አንጎልን ይጠብቃሉ። በጨቅላነት ግን በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ በወሊድ ጊዜ ጭንቅላት በጠባቡ መንገድ እንዲያልፍ የሚረዳው ይኸው ነው። ከግንባር በላይ ያለው እርግብግቢት በአብዛኛው ሕፃኑ 2 ዓመት ሳይሞላው ይገጥማል።

ሁለተኛዎቹ በጥቂቱ የሚንቀሳቀሱት ናቸው። የአከርካሪ አጥንቶችን የሚያያይዙት ዲስኮች እያንዳንዳቸው የሚፈቅዱት እንቅስቃሴ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ወገብን ያጎነብሳል።

ሦስተኛዎቹ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ናቸው። በእነዚህ የአጥንቶቹ ጫፍ በልምአጥንት ተሸፍኗል፤ በመካከሉም ሰበቃን የሚቀንስ ፈሳሽ አለ። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የአንገት የመጀመሪያው አጥንት በሁለተኛው ላይ ስለሚዞር ጭንቅላት ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል። የአውራ ጣት ሥር የኮርቻ ቅርጽ ስላለው ጣቱ ከሌሎቹ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ያለ እርሱ ጉርሻ መጠቅለል አስቸጋሪ ነበር።

ዳሌና ትከሻ ደግሞ ኳስ መሰል ጫፍ በጎድጓዳ ሥፍራ የሚሽከረከርባቸው ናቸው። የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቅ በመሆኑ የጭን አጥንትን አጥብቆ ይይዛል፤ ለማውለቅ እንደ መኪና አደጋ ያለ ከባድ ኃይል ይጠይቃል። የትከሻው ግን ጥልቀት የለውም። ክንድ በየአቅጣጫው የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አብዝቶ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በቦታው የሚያቆየው በዋናነት የጡንቻና የጅማት ብርታት ነው።

በትከሻ አጠገብ ነርቮችና የደም ሥሮች ያልፋሉ፤ ከውልቃት ጋር ስብራትም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ራጅ ሳይነሣ በዘመድም ሆነ በወጌሻ መጎተቱ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ክንዱን ባለበት ሁኔታ በጨርቅ ደግፎ ወደ ሕክምና መሄድ ይመረጣል። እጅ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ጊዜ የወለቀ ትከሻ፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ደግሞ የመውለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከተመለሰ በኋላ በባለሙያ ምክር የሚሠራ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይህን ስጋት ለመቀነስ ይረዳል።